እትዬ መሪ ወንድማቸውን ያደረሱበት መንገድ

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ዛሬ ከጎናችን የቆማችሁ ሁሉ፤ ይህን ጽሑፍ ማንበብ የሚገባኝ እኔ አልነበርኩም። ዕድሜ ልካቸውን በድምፃቸው የኖሩት፣ ብዙዎቻችሁም ፊታቸውን ሳታዩ በሬዲዮ የምታውቋቸው የእትዬ መሪ ታላቅ ወንድም እዚህ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ትናንት ቀኑን ሙሉ እሳቸው ሲነግሩኝ እኔ ስጽፍ ዋልን፤ ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ጊዜ እንለማመደው ብለው ቢጀምሩት ከመጀመሪያው መስመር አላለፉም። «አንተ አንብበው፤ እኔ ዛሬ ድምፅ የለኝም» አሉኝ። እኔ የእናታቸው እህት ልጅ ነኝ፤ ከእትዬ መሪ ጋር በአንድ ዓመት ተወልደን በአንድ ግቢ ያደግን ነንና እንደ መንታ እንቆጠር ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው የጻፈው ስለሆነ ቢደርቅባችሁ በሐዘናችን ይቅር በሉኝ።

እትዬ መሪ የጭነት መኪና ሾፌር ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት፣ ዝናብ መንገድ በዘጋበት ወር ተወለዱ። አባታቸው ያን ዕለት የሞላ ወንዝ ማዶ ቆመው ውኃው እስኪጎድል ሦስት ቀን ጠብቀዋልና ቤታቸው ሲደርሱ የሦስት ቀን ልጅ ተኝታ አገኙ፤ እናታቸውም በባላቸው እጅ ላይ ያለው ግራሶ በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥቦ ስላልለቀቀ ልጅቷን ለመታቀፍ እስከ ማግስቱ እንዳልፈቀዱላቸው አባታቸው እስኪያረጁ ድረስ እየሳቁ ያወሩት ነበር። ቤታቸው ሁለት ክፍል ሲሆን የፊተኛው ክፍል የእናታቸው መሥሪያ ነበር። በመስኮቱ በኩል የእግር ስፌት መኪና፣ መሃል ላይ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እጅጌ ያልተገጠመላቸው የተማሪ ልብሶች ተሰቅለው ይታዩ ነበርና ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ክንድ የሌላቸውን ልጆች ሰልፍ አልፎ የሚሄድ ይመስለው ነበር። የኋለኛው ክፍል አራቱም የሚተኙበት ነው።

ሁለት ዓመት የሚበልጧቸው ወንድማቸው ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ግን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው እየጠፋባቸው መጣ፤ በር ሲያልፉ ትከሻቸው መጋጨት ጀመረ፤ የዓይን ሐኪሙም መርምረው ብርሃኑ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ እንደሚሄድና እስከዚያን ጊዜ መድኃኒት እንዳልተገኘለት ለእናታቸው ነገሯቸው። እናታቸው ከሐኪሙ ክፍል ልጃቸውን እጃቸውን ይዘው ወጡ፤ ከዚያም ቀን በኋላ ያን እጅ አልለቀቁም ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት ያደርሷቸዋል፤ ከትምህርት ቤት ይመልሷቸዋል፤ በመጨረሻም ትምህርቱ ሲቀር ከስፌት መኪናቸው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ያውሏቸው ጀመር። ሰው ሲጠይቃቸው «እኔ ዓይኑ ነኝ» ይሉ ነበር። ይህን የሚሉት ከፍቅር እንጂ ከክፋት አልነበረም፤ ያን ጊዜ የነበርን ሁሉ ምስክር ነን።

አባታቸው በበኩላቸው ከአንድ ጋራዥ ጓሮ ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሎ የተጣለች አሮጌ የቤት መኪና ጎትተው አምጥተው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በእረፍት ቀናቸው ከሥሯ እየተኙ ጠግነዋት ነበር። ያሰቡት ወንድ ልጃቸውን መንዳት ሊያስተምሩ ነበር። መኪናዋ በተነሣች ጊዜ ግን የልጁ ዓይን ቀንን ከሌሊት ከመለየት በቀር ሌላ አያሳይም ነበርና አንድ ቀን ጠዋት ሴት ልጃቸውን ባዶ የገበያ ሜዳ ወስደው ሁለት ትራስ ደርበው ከመሪው ኋላ አስቀመጧቸው። እትዬ መሪ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነበር። አባታቸው ወደ ቤት ሲመለሱ ከበሩ ሳይገቡ ሚስታቸውን ተጣርተው «ለካስ መሪ ነው የወለድሽልኝ» አሉ፤ ስሙም ያን ዕለት ወጣ። እናታቸው ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ «መሪ ከሆነች ቤቷን ትምራ» ብለው መለሱ።

አሁን የምነግራችሁ እትዬ መሪ እስከ መጨረሻቸው ድረስ ሲያነሡት ፊታቸው የሚበራበትን ዘመን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ከሞላቸው ጊዜ ጀምሮ በየእሑዱ ከምሳ በኋላ ሦስታችን በዚያች መኪና እንወጣ ነበር፤ እሳቸው ይነዳሉ፣ ወንድማቸው ከጎናቸው ይቀመጣሉ፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ። እናታቸው የሚለቁን «ከድልድዩ ወዲያ እንዳታልፉ» ብለው ነው። መሄጃ አልነበረንም፤ መዞር ብቻ ነበር። በሲኒማ ቤቱ በኩል ወርደን፣ ስታዲየሙን ዞረን፣ በወፍጮ ቤቱ አልፈን፣ ድልድዩ ዘንድ ስንደርስ እንመለስና እንደገና በሲኒማ ቤቱ በኩል እንወርዳለን። አንዳንድ እሑድ አሥራ አንድ ጊዜ ዞረናል፤ እኔ ያን ጊዜም መቁጠር እወድ ነበር። መንጃ ፈቃድ እንዳልነበራቸው ከተማው ሁሉ ያውቃል። አደባባዩ ላይ የሚቆሙት የትራፊክ ፖሊስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ጊዜ አስቁመውን ጎንበስ ብለው «የማንን ደብዳቤ እያነበቡ ነው?» ብለው ጠየቁና መልሱን ሰምተው አሳለፉን።

ደብዳቤ ያሉት የሬዲዮውን ነው። የመኪናዋ ሬዲዮ አምስት የሚጫኑ ቁልፎች ቢኖሩትም የሚሠሩት ሁለቱ ነበሩ፤ እየዞረ ጣቢያ የሚፈለግበት ቁልፍ ወልቆ ጠፍቶ ስለነበር አባታቸው ከሚስታቸው ሣጥን ክር ያለቀበት የክር መጠቅለያ እንጨት ወስደው ሰክተውበታል። እሑድ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የአድማጮች ደብዳቤና የዘፈን ምርጫ የሚቀርብበት ፕሮግራም ነበር፤ ወታደር ለእናቱ፣ ነርስ ለእጮኛዋ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ለማያውቋቸው ሰዎች ዘፈን ይጋብዙ ነበር። ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ጣቢያው ይጠፋል፤ ከስታዲየሙ በላይ ያለው ዳገት ላይ ደግሞ ጥርት ብሎ ይሰማል። እትዬ መሪ ሬዲዮው የሚሰማበትንና የሚደበቅበትን ቦታ ሁሉ በቃላቸው ያውቁት ነበርና ጥሩ ደብዳቤ ሲመጣ ነዳጅ ሰጥተው ወደ ዳገቱ ይወጡና መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ይቆሙ ነበር፤ በዚያ የሚያልፍ ሰውም ተጠግቶ ይሰማ ነበር።

ወንድማቸው «ምን አለ?» ይላሉ። እሳቸው ይነግሯቸዋል። «አንዲት ሴትዮ ጃንጥላ ዘርግታለች፤ ዝናቡ ግን የእሷ ብቻ ነው»፣ «ባለ ወፍጮው ዛሬም ያንኑ ሱሪ ለብሷል፤ ሱሪው ራሱ ደክሞታል» እያሉ ይቀጥላሉ። ወንድማቸው ይህን ሁሉ ሰብስበው ዘፈን ባለቀ ቁጥር በዜና አንባቢ ድምፅ ያነቡት ነበር፤ «በዛሬው ዕለት ባለ ወፍጮው ሱሪያቸውን በክብር ጡረታ እንዲያወጡ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ ጥሪ ቀርቦላቸዋል» ሲሉ እኔ ከኋላ መቀመጫው ላይ ወድቄ እስቅ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በርጩማ ላይ ዝም ብለው የሚውሉት ልጅ በእሑድ ሦስት ሰዓት ውስጥ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ይህን ከእኔ በፊት ያዩት እህታቸው ናቸው። አንድ ቀን ከዳገቱ ስንወርድ ወደ ኋላ ሳይዞሩ «እሱ እኮ የሚናገርበት ቦታ አጥቶ ነው እንጂ አልታመመም» ብለውኛል።

በሁለተኛው ዓመት እትዬ መሪ ማንንም ሳያማክሩ ለፕሮግራሙ ደብዳቤ ጻፉ። ዘፈን አልመረጡም፤ ዓይኑን ያጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የት ሊማር ይችላል ብለው ነበር የጠየቁት። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ስታዲየሙን ስንዞር፣ አቅራቢዋ ደብዳቤውን አነበበችው። ሦስት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ከተማ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እንዳለ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነ ተማሪ እንደማይቀበሉ፣ የዘንድሮው ምዝገባም በቀጣዩ ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት እንደሚዘጋ ተናገረች። ወንድማቸው ሃያ ዓመት ሊሞላቸው አራት ወር ቀርቷቸው ነበር። እትዬ መሪ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አስያዙ። ወንድማቸው «ያንን ደብዳቤ የጻፈው ማነው?» አሉ፤ እሳቸውም «እኔ» አሉ። 

እናታቸው ነገሩን ሲሰሙ መቀሳቸውን አስቀመጡ። «እዚያ እጁን ማን ይይዛል? ደረጃ ላይ ቢወድቅ ማን ያነሣዋል? እኔ በሕይወት እያለሁ ልጄ ለባዕድ አይሰጥም» አሉ። አባታቸው ከሁለቱ ወገን አልቆሙም፤ «እናቱ ያለችው ይሁን» ብለው ሰኞ ጠዋት ጭነታቸውን ይዘው ወጡ። እዚህ ላይ ሁላችሁም ልታውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ያ ማክሰኞ እኔና እትዬ መሪ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና የምንጀምርበት ቀን ነበር። ከክፍላችን በሒሳብ አንደኛ እሳቸው ነበሩ፤ እኔን ያስጠኑኝም እሳቸው ነበሩ።

ማክሰኞ ማለዳ እናታቸው ውኃ ሊቀዱ ወጣ ሲሉ እትዬ መሪ ቁልፉን ከበር ኋላ ካለው ምስማር አወረዱ፤ የወንድማቸውን ልብስ አስቀድመው ሻንጣ ውስጥ ከተውት ነበር። እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ነዳጅ ማደያው ስንደርስ ግን ፈተናው ታወሰኝ፤ የእናታቸው ፊትም ታወሰኝ፤ ሆዴን አመመኝ ብዬ ወረድኩ። እትዬ መሪ አልተቆጡም። «እሺ፣ ፈተናህ እንዳያልፍህ» ብለው በሩን ራሳቸው ዘጉልኝ። መኪናዋ እንደ ተነሣች ሮጬ፣ ልጃቸው ገና የተኛ መስሏቸው ሥራ ለጀመሩት ለአክስቴ፣ ለእናታቸው ነገርኳቸው። አክስቴ በአፋቸው የያዙትን መርፌ እንኳ ሳያወጡ፣ የመለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እየተወናጨፈ እስከ ዋናው መንገድ ሮጡ። አቧራ ብቻ ነበር። እኔ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ፈተናዬንም ደረስኩ። አስተማሪ የሆንኩት በዚያ ፈተና ነው። ከፊቴ የነበረው ወንበር ቀኑን ሙሉ ባዶ ዋለ።

በመንገድ ላይ የሆነውን የነገሩኝ ወንድማቸው ናቸው። ድልድዩን ሳይቆሙ አለፉ። ሁለት ሰዓት ያህል እንደ ሄዱ የሚያውቁት ጣቢያ እየተንሿሿ፣ ቃል እየጣለ፣ በመጨረሻም ጠፋ፤ ሌላ ግን አልመጣም። ወንድማቸው ይህን ጊዜ ፈሩ፤ ከቤት የወጡ መሆኑ የገባቸው ያን ጊዜ ነበርና «እንመለስ» አሉ። እትዬ መሪ መኪናዋን አቁመው ሞተሩን አጠፉ። «እመልስሃለሁ፤ አንተ ካልክ አሁኑኑ እመልስሃለሁ። ግን ሁለተኛ ላመጣህ አልችልም፤ ቁልፉን ከእንግዲህ አላገኘውም» አሏቸው። ወንድማቸው ፈተናውን ያን ጊዜ አስታወሱና «አንቺስ? ዛሬ ፈተና አልነበረብሽም?» ቢሉ እሳቸው «ተወው፤ እሱ አሁን ተጀምሯል» ብለው መለሱ።  ወንድማቸው ያን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ እንዳሉ ትናንት ነገሩኝ፤ «ንጂው»።

ከምዝገባው መዘጋት አርባ ደቂቃ ቀደም ብለው ደረሱ። መዝጋቢዋ ከወላጅ ወገን የሚፈርም ማን እንደሆነ ስትጠይቅ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅ «እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙ። ያን ሌሊት በአንድ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሠራተኛ ቤት አድረው በማግስቱ ያንን ሁሉ መንገድ ብቻቸውን ተመለሱ። ስለ መልሱ ጉዞ ለማንም አውርተው አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ቤት ሲደርሱ አባታቸው ደርሰው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። እጃቸውን ዘረጉ፤ እሳቸውም ቁልፉን ሰጡ። አባታቸው የመኪናዋን ባትሪ አውልቀው አልጋ ሥር አኖሩት። እናታቸው ግን ወደ መኪናዋ ገብተው ያንን የክር እንጨት ከሬዲዮው ነቅለው ይዘውት ወጡና ክር ይጠቀልሉበት ጀመር። ከዚያም «ዓይኑን ፈጣሪ ወሰደብኝ፤ እሱን ደግሞ አንቺ» አሏቸው፤ ከዚህ በኋላ ለአራት ዓመት ከሰባት ወር ልጃቸውን አላነጋገሩም። በአንድ ቤት እየኖሩ፣ አንዷ ጨርቅ እየቆረጠች ሌላዋ እየጠረገች፣ በሦስተኛ ሰው በኩል ይነጋገሩ ነበር፤ ሦስተኛው ሰው ብዙውን ጊዜ እኔ ነበርኩ። «ሳሙና አልቋል በላት» እባላለሁ፤ እትዬ መሪ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመው እየሰሙ እኔ «ሳሙና አልቋል» እላለሁ። እንደ ቀልድ ይሰማ ይሆናል፤ ቀልድ ግን አልነበረም።

እትዬ መሪ ፈተናውን ዳግመኛ የሚወስዱበት ዕድል ስላልነበረ በከተማው አውቶቡስ ድርጅት ትኬት ቆራጭ ሆነው ተቀጠሩ። ከሦስት ዓመት በኋላም ከትራፊክ ፖሊሱ ፊት ሕጋዊ ፈተና ተፈትነው መንጃ ፈቃድ አወጡ፤ ፖሊሱ ወረቀቱ ላይ ሲፈርሙ «ለነገሩ በእኔ ዘንድ ካለፍሽ ቆይተሻል» አሏቸው። የድርጅቱ የመጀመሪያዋ ሴት ሾፌር ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። አሮጊትና ሽማግሌ ሳይቀመጡ አውቶቡሱን አያንቀሳቅሱም ነበር፤ የቸኮለ ተሳፋሪ ቢያጉረመርም በመስታወቱ ዓይን ዓይኑን አይተው «ወንድሜ፣ አንተም ታረጃለህ፤ ያን ጊዜ ሾፌሩ እንዲጠብቅህ አሁን ጠብቅ» ይሉት ነበር። በረዳትነት አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ እንደሚመሰክሩት በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ማንንም ሰው አልጎዱም።

ወንድማቸው ደግሞ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ድምፃቸው ተሰምቶ ተወዶላቸው፣ በዚያው ከተማ አዲስ በተከፈተና እስከ እኛ ድረስ በሚሰማ ጣቢያ ተቀጠሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአየር ላይ የሚቀርቡበት ቀን ቴሌግራም ላኩ። እናታቸው ያን ዕለት ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ስፌታቸውን ይሰፉ ነበር፤ አባታቸው ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው እኔና እትዬ መሪ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ድምፁ መጣ። የአየር ጠባይ ነበር ያነበቡት፤ የት ይዘንባል፣ የት ይሞቃል የሚል። የስፌት መኪናው ቆመ። እናታቸው እግራቸው ከመርገጫው ላይ እንዳለ፣ እጃቸው ጨርቁን እንደያዘ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ «ወፍሯል ድምፁ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዙረው «ይሄ ሬዲዮ ይንሿሿል። ነገ ከአራት ሰዓት በፊት አስተካክዪልኝ» አሏቸው። እትዬ መሪ «እሺ እማዬ» አሉ። በአራት ዓመት ከሰባት ወር ውስጥ እናትና ልጅ በቀጥታ የተነጋገሩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። እትዬ መሪ ወደ ጓሮ ወጡ፤ እኔም ተከትዬ ልወጣ ስል አባታቸው ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝ።

ከዚያ በኋላ ኑሮ እንደ ማንኛውም ቤት ሆነ፤ ስለዚያ ማክሰኞ ግን አንዳቸውም ቃል አላወጡም። እትዬ መሪ በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከአውቶቡስ ድርጅቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ተጋቡ። ባለቤታቸው ቃል የሚቆጥቡ፣ መብራት የማይበራለት አውቶቡስ ሲገኝ ግን ራት ሳይበሉ የሚያመሹ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። እትዬ መሪ የመጀመሪያዋን ልጅ ባረገዙ በሰባተኛው ወር፣ አንድ ረቡዕ፣ እናታቸው ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ እንደ ቆሙ ወድቀው አረፉ። እትዬ መሪ መርዶውን የሰሙት አውቶቡሱን ዲፖ ካስገቡ በኋላ ነው፤ አለቃቸው ተሳፋሪ እንዳይጎዳ ብለው እስከዚያ ደብቀዋቸው ነበር። እትዬ መሪም «ደግ አደረጋችሁ» አሉ እንጂ አልወቀሷቸውም። በእናትና በልጅ መካከል ሊባል የሚገባው ነገር ግን ሳይባል ቀረ። ወንድማቸው ለቀብሩ መጥተው ሳጥኑን በእጃቸው እየዳሰሱ ሲያለቅሱ እትዬ መሪ እጃቸውን ይዘዋቸው እንደ ቆሙ አስታውሳለሁ። ባለቤታቸውም በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው በልብ ሕመም ሲለዩ ልጆቹ ገና ተማሪዎች ነበሩ። እትዬ መሪ የማለዳውን ተራ ነድተው፣ ከሰዓት በኋላ ደብተር አይተው፣ ሦስቱንም ለቁም ነገር አበቁ፤ ትልቋ ነርስ፣ ሁለተኛዋ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ፣ ወንዱ ልጃቸው የእንስሳት ሐኪም ሆነዋል። ሒሳቡን ያስጠኗቸው እኔ ሳልሆን እናታቸው ናቸው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ደማቸው በመሣሪያ ይታጠብ ነበርና ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው ወጣት ሾፌር ዳገት ላይ ሲቸገር ከኋላ ተኝተው «ልጄ፣ ሞተሩ እያለቀሰ ነው፤ ማርሽ ቀንስለት» ይሉት ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ ከቆዩ በኋላ በዚህ ዓመት ደከሙ። ወንድማቸው ከሩቅ መጥተው ሁለት ወር ሙሉ አጠገባቸው ተቀመጡ።

ከማረፋቸው አሥራ ሁለት ቀን በፊት እኔ ብቻዬን አጠገባቸው ነበርኩ። ሃምሳ አንድ ዓመት የያዝኩትን ነገር ልናገር ብዬ ጀመርኩ፤ «ያን ማክሰኞ ለእናትሽ የነገርኩት…» ስል አቋረጡኝ። «አውቃለሁ። በመስታወቱ ስትሮጥ አይቼሃለሁ» አሉ።  እሳቸው ቀጥለው «ደግ አደረግክ። ባትነግራት ኖሮ ቀኑን ሙሉ ወንዝ ለወንዝ ስትፈልገን ትውል ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው ይህን አሉ፤ እንዳሉትም አነብላችኋለሁ። «እሱን በመውሰዴ አንድ ቀን ተጸጽቼ አላውቅም። የሚቆጨኝ አንተ ስትወርድ መቀመጫው ባዶ መቅረቱ ነው። ዞሬ እናቴን ልጭናት እችል ነበር። ትምህርት ቤቱን ብታየው፣ ደረጃውን ብትቆጥረው ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ዝም አትለኝም ነበር። ልጅ ነበርኩ፤ አላሰብኩትም።» ይህን ለሰው እንዳነብ ፈቅደውልኛል። እናንተ መካከል እናቱን፣ እህቱን ወይም ልጁን ያላነጋገረ ሰው ካለ ይስማው ብለዋል።

ባለፈው ሐሙስ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ቆመው፣ ወንድማቸው ቀኝ እጃቸውን ይዘው፣ ሳይጨነቁ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ወንድማቸው ማረፋቸውን ከሁላችንም በፊት አወቁ። እኛ ገና ፊታቸውን ስናይ እሳቸው እጁን ቀስ አድርገው በእህታቸው ደረት ላይ መለሱት።

እትዬ መሪ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውን፣ የወንድማቸውን ባለቤትና ሁለት ልጆች፣ የሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ባልደረቦቻቸውን፣ ስማቸውን ሳያውቁ በሰላም ገብተው የወረዱ ተሳፋሪዎችን፣ እኔንም ትተው ሄደዋል። እሑድ ከምሳ በኋላ ምን እንደማደርግ ገና አላውቅም። በሐዘናችን ቀን ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ሁሉ ክፉ አይንካችሁ፤ በደስታ ቀን እንካሳችሁ።

የሁላችን አምላክ ሆይ፤ ሰውን ካሰበበት ሲያደርሱ የኖሩ እጆች ዛሬ ደክመዋልና አሳርፍልን። ከእናታቸው ጋር አገናኛቸው፤ ያልተባለውንም በፊትህ ይባባሉ። ለቀረነው ደግሞ መጽናናቱን ስጠን። አሜን።